ውኃ የሚሸሹት፦ ስለ ቅባት ለጠየቃችሁኝ

ባለፈው እትም መጨረሻ ላይ «ቀጣዩ ዓምዳችን ስለ ቅባት ነው፤ ጥያቄ ያላችሁ ላኩልኝ» ብዬ ነበር። ከተማሪዎች የሚመጣው ይበዛል ብዬ ስጠብቅ ከማጀት የመጣው በለጠ። ቅር አላለኝም። ባዮኬሚስትሪ 27 ዓመት ሳስተምር ከመጽሐፎቼ እኩል ያገለገለኝ የእናቴ የቅቤ ቅል ነው፤ እናቴ ቅቤ ነጋዴ ነበረች። የሷን ነገር ወደ ታች ስንወርድ አነሣዋለሁ። መጀመሪያ ግራ ገብቶት የከረመውን ተማሪ እናስቀድም። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ መምህርት፣ የሁለተኛ ዓመት የጤና ተማሪ ነኝ። ፕሮቲን የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት ነው፣ ካርቦሃይድሬት የስኳር ወገን ነው ተብለን ተማርን፤ ገባኝ። ሊፒድ ላይ ስንደርስ ግን «ውኃ ውስጥ የማይሟሟ ነው» ተባለና ታለፈ። የኑግ ዘይትና ኮሌስትሮል ሥዕላቸው ጨርሶ አይገናኝም። ታዲያ በምን ዘመድ ሆኑ? (ከጅማ)

መልስ፦ ሳቅኩ፤ እኔንም ተማሪ ሳለሁ ይኸው ነገር ከንክኖኝ ነበር። የተባልከው ስሕተት አይደለም፤ ግማሽ መንገድ ላይ ቆሞ ነው እንጂ። ፕሮቲንና ስኳርን የምንለያቸው በአሠራራቸው ነው። ሊፒድን ግን ሰው መጀመሪያ ያወቀው በጠባዩ ነው። ዘር ወይም ሥጋ ወይም ቅጠል ፈጭተው ኤተር ወይም ክሎሮፎርም ሲያፈሱበት፣ ውኃን እምቢ ያለው ሁሉ ወደዚያ ገባ። የገባውን ሳይመርጡ በአንድ ጆንያ አሰሩት። «ሊፒድ» የሚለውን ስም ጆንያው ላይ የጻፈው ፈረንሳዊው ጋብሪኤል በርትራንድ ነው፣ በ1923፤ ቃሉ ስብ ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው።

ማዕድ ላይ ሆነህ አስበው። ዶሮ ወጥ በልተህ እጅህን በውኃ ብቻ ብትታጠብ ቅባቱ አይለቅም። ወጡ ሲበስል ደግሞ ዘይቱ ላዩ ላይ ይወጣል፤ የሚወጣውም ቀልቶ ነው። የበርበሬው ቀለም መረቁን ትቶ ዘይቱን የመረጠው እሱም ራሱ ሊፒድ ስለሆነ ነው። ካፕሳንቲን ይባላል። ውኃ በአንድ ጎኗ ትንሽ አሉታዊ፣ በሌላው ትንሽ አዎንታዊ ናት፤ የምትይዘውም እንደሷ ያለውን ነው። ስኳር መላ አካሉ ላይ የኦክስጅን እጀታ ስላለው ትይዘዋለች። ካርቦንና ሃይድሮጅን ብቻ የተደረደሩበት ረጅም ሰንሰለት ግን እጀታ የለውም፤ ውኃ እርስ በርሷ ተያይዛ ወደ ውጭ ትገፋዋለች።

ዝምድናቸውን ከፈለግህ መልካቸውን ተውና የተሠሩበትን ጡብ ተመልከት። አንደኛው ጡብ ባለ 2 ካርቦን ነው። ሁለት ሁለት እየተቀጠለ ይረዝምና ፋቲ አሲድ ይሆናል፤ ጫፉ ላይ የአሲድ ራስ፣ ከዚያ ወዲያ ጭራ። በምግባችን ካሉት ፋቲ አሲዶች አብዛኞቹ 16 ወይም 18 ካርቦን ያላቸው፣ 17 ያለው ግን ብርቅ የሆነው ለዚህ ነው። ሁለተኛው ጡብ ባለ 5 ካርቦን ነው፤ አይሶፕሪን የሚባለው ወገን። ስምንቱ ሲገጣጠሙ ያ 40 ካርቦን ያለው የበርበሬ ቀለም ይወጣል። ስድስቱ ሲገጣጠሙ ባለ 30 ካርቦን ስኳሊን ይሆናል፤ እሱ ደግሞ ተጠቅልሎ አራት ቀለበት ይሠራና፣ ሦስት ካርቦን አራግፎ ባለ 27 ካርቦን ኮሌስትሮል ይሆናል። የዕጣን ሙጫም ከዚሁ ጡብ ነው የሚሠራው። በሰውነታችን ውስጥ ሁለቱም ጡቦች የሚጠረቡት ከአንድ ድንጋይ ነው፤ አሴቲል ኮኤ ከሚባለው። እንግዲህ የኑግ ዘይትና ኮሌስትሮል መልካቸው ባይመሳሰልም አያታቸው አንድ ነው።

በ2005 ሊፒድ ማፕስ የሚባለው የተመራማሪዎች ስብስብ ይህንኑ የጡብ ነገር መሠረት አድርጎ ሊፒዶችን በስምንት ክፍል ከፈላቸው። ሁለቱን ለፈተናህ አትፈልጋቸውም። የቀሩት ስድስቱ እነዚህ ናቸው፤ ፋቲ አሲዶች ራሳቸው፤ በአንድ ግሊሰሮል (ባለ 3 ካርቦን አልኮል) ላይ ሦስት ፋቲ አሲድ የተንጠለጠለባቸው ዘይትና ስብ፤ ከሦስቱ አንዱ ወርዶ በቦታው ፎስፌት የገባባቸው ፎስፎሊፒዶች፤ በግሊሰሮል ፈንታ ስፊንጎሲን ያላቸው ስፊንጎሊፒዶች፤ እነ ኮሌስትሮል ያሉበት ስቴሮሎች፤ እነ በርበሬ ቀለም ያሉበት ፕሪኖሎች። ስፊንጎሲንን የሰየመው ቱዲኩም ነው፣ በ1884። ለንደን ተቀምጦ የአንጎልን ኬሚስትሪ ሲመረምር ያገኘው ነገር አልፈታ ስላለው፣ በግሪኮች ተረት እንቆቅልሽ እየጠየቀች መንገደኛ በምታስጨንቀው በስፊንክስ ስም ጠራው። አልፈታ ያለውን ነገር ስም ላይ መጻፍ እንዴት ያለ ቅንነት ነው!

ፎስፎሊፒድ ላይ ግን ቆም በል። አንዱ ጫፉ ውኃ ይወዳል፣ ሁለቱ ጭራዎቹ ይጠላሉ። ውኃ ውስጥ ስትጨምራቸው ጭራ ለጭራ ተደባብቀው ሁለት ድርብ ይሆናሉ፤ የሴል ሽፋን (ሜምብሬን) ማለት ይኸው ነው። ጎርተርና ግሬንዴል የሚባሉ ሁለት ሆላንዳውያን በ1925 ከቀይ የደም ሴሎች ቅባቱን አውጥተው ውኃ ላይ ቢዘረጉት፣ የሴሎቹን ገጽ ሁለት እጥፍ ያህል ሸፈነ። ድርብ መሆኑን ያወቅነው በዚህ ነው።

ጥያቄ፦ እዚህ ደብረ ብርሃን ጠዋት ጠዋት የፓልም ዘይቱ ጄሪካን ውስጥ ይረጋል፤ ፀሐይ ላይ ካላስቀመጥነው አይወርድም። የኑግ ዘይቱ ግን አይረጋም። ጎረቤቴ «ጄሪካን ውስጥ የረጋ ደም ሥር ውስጥም ይረጋል» እያለች ታስፈራራኛለች። እውነት ነው? (የሦስት ልጆች እናት)

መልስ፦ እህቴ፣ ለመስቀል ችቦ አስረሽ ታውቂያለሽ። ቀጥ ቀጥ ያለ ጭራሮ ሲሆን እስሩ ይጠብቃል። መካከሉ ላይ የጎበጠ እንጨት ሲገባበት ይላላል፤ ሁለት ቦታ የጎበጠ ከሆነማ አይታሰርም። የዘይቱም ነገር ይኸው ነው። ፋቲ አሲድ ጭራው ላይ ድርብ ማያያዣ (ሁለት ካርቦኖች በእጥፍ የተያያዙበት ቦታ) ከሌለው «የጠገበ» ይባላል፤ የሚችለውን ያህል ሃይድሮጅን ይዟል ለማለት ነው። ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ከጎኑ ካለው ጋር ይታሰራል፣ ይረጋል። ድርብ ማያያዣ ካለው ግን እዚያ ላይ ይጎብጣል።

18 ካርቦን ያላቸውን ሦስት ወንድማማቾች እይ። ስቴሪክ አሲድ አንድም ጉብጠት የለውም፤ የሚቀልጠው 69 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ኦሌይክ አንድ ጉብጠት አለው፤ 13 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። ሊኖሌይክ ሁለት አለው፤ ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ እስኪደርስ አይረጋም። ርዝመታቸው አንድ ሆኖ በጉብጠት ብቻ 70 ዲግሪ ያህል ተለያዩ። የፓልም ዘይት ከመቶው 44 ያህሉ ጉብጠት የሌለው ፓልሚቲክ አሲድ ነው። የኑግ ዘይት ደግሞ ከመቶው 70 ያህሉ ያ ባለ ሁለት ጉብጠቱ ሊኖሌይክ ነው። የደብረ ብርሃን ብርድ አንዱን ሲያስር ሌላውን ያቃተው በዚህ ምክንያት ነው። ለጋ ቅቤ አናትሽ ላይ ሲደረግ ቀስ እያለ ወደ አንገት የሚወርደውም ብዙ ዓይነት ጭራ ስለተደባለቀበት ነው፤ አብዛኛው 35 ዲግሪ ሳይሞላ ይቀልጣል፣ የሰው ገላ ደግሞ 37 ነው።

ወደ ጎረቤትሽ ስንመጣ፣ መንገዱን ስታለች እንጂ መድረሻዋ ከእውነት ሩቅ አይደለም። የበላሽው ዘይት እንዳለ ደም ውስጥ አይገባም። አንጀት ውስጥ ሐሞት ይበትነዋል፣ ላይፔዝ የሚባለው ኢንዛይም ይቆርጠዋል፤ የአንጀት ግድግዳ መልሶ ይገጥመውና በፕሮቲንና በፎስፎሊፒድ ጠቅልሎ ነው የሚልከው። ጄሪካኑ ውስጥ እንዳየሽው ደም ሥር ውስጥ ረግቶ አይቆምም። ሆኖም የጠገበ ቅባት ሲበዛ ጉበት ኤል ዲ ኤልን (ኮሌስትሮልን በደም ውስጥ ተሸክሞ የሚዞረውን ጥቅል) ከደም የማንሣት አቅሙ ይቀንሳል፤ የተረፈው ኤል ዲ ኤል በዓመታት ብዛት የደም ሥር ግድግዳ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ የረጋውን ዘይት ቀነስ ማድረግሽ መልካም ነው።

ለኑጉም ግን አላዳላም። ጉብጠቱ ኦክስጅን የሚነክሰው ቦታ ነው፤ ለዚህ ነው ኑግ ሲከርም ቶሎ የሚሸተው። ጠርሙሱን ከብርሃን አርቂ፣ የተጠበሰበትን ዘይት ደጋግመሽ አትጥበሺበት። ፋብሪካ ውስጥ ሃይድሮጅን እየተነፋበት በከፊል የረጋ ዘይት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ጉብጠቱ ሳይጠፋ ይቀናል፤ ድርብ ማያያዣው እያለ ጭራው ቀጥ ይላል። ያ ኦሌይክ 13 ዲግሪ ላይ ይቀልጥ የነበረው፣ ሲቀና ኤላይዲክ ተብሎ 45 ዲግሪ ገደማ ይፈልጋል። ትራንስ ስብ የሚባለው እሱ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከ100 ግራም ቅባት ከ2 ግራም በላይ እንዳይገኝበት የሚመክረው። ከሁሉ የምፈራው እሱን ነው።

ጥያቄ፦ መምህርት፣ ፋርማሲ እማራለሁ። ስሞቹ ገደሉኝ። አንዱን ነገር ሊኖሌይክ ይሉታል፣ 18:2 ይሉታል፣ ዴልታ 9፣12 ይሉታል፣ ኦሜጋ 6 ይሉታል። የትኛውን ልያዝ? (ከጎንደር)

መልስ፦ ሁሉንም፤ ግን በአንድ ጊዜ አይደለም። ፋቲ አሲድ እንደኛ ሰው ነው፤ የቤት ስም አለው፣ የመዝገብ ስም አለው። የቤት ስሙ መጀመሪያ የተገኘበትን ገበያ ይነግርሻል።

እናቴ ሰኞ ገበያ ስትወጣ ተከትያት እሄድ ነበር። ቅቤ በሦስት ይሸጣል፤ ለጋ፣ መካከለኛ፣ በሳል። ለጋው ለአናትና ለጨጨብሳ፣ በሳሉ ለወጥ። እናቴ በጣቷ ትንሽ ጠርጋ፣ አሽትታ፣ «ይኼ የሦስት ሳምንት ነው» ትላለች፤ አትስትም። ዓመታት ቆይቶ ነው ምን ታሸት እንደነበር የገባኝ። ቅቤ ሲከርም ከግሊሰሮሉ ላይ ፋቲ አሲዶች ይላቀቃሉ። ከነሱ ሁሉ አጭሩ ባለ 4 ካርቦን ነው፤ አጭር ስለሆነ ይተናል፣ አፍንጫ ይደርሳል። ፈረንሳዊው ሚሼል ኤዥን ሼቭሬል ከ1811 ጀምሮ ሳሙናና ስብ ሲመረምር አገኘውና ቅቤ በሚለው የላቲን ቃል ቢዩቲሪክ አሲድ አለው። እናቴና ሼቭሬል አንድ ነገር ነበር የሚያሸቱት። ሼቭሬል ሥራውን በ1823 በመጽሐፍ አወጣ፤ ከዚያ በኋላም 102 ዓመቱን አልፎ ነው የሞተው። ስቡ ሳይስማማው አልቀረም።

ከቅቤ ወደ ፍየል እንሂድ። 6፣ 8 እና 10 ካርቦን ያላቸው ካፕሮይክ፣ ካፕሪሊክ፣ ካፕሪክ ይባላሉ፤ ሦስቱም ካፕራ ከሚለው የላቲን ቃል ናቸው፣ ፍየል ማለት ነው። የፍየል ወተት ሽታ ትዝ ካለሽ ሦስቱን ያዝሽ ማለት ነው፤ የሚያስቸግርሽ እርስ በርስ መለየቱ ብቻ ነው፤ እኔንም እስከ ዛሬ ያምታታኛል። ባለ 12ቱ ሎሪክ ከሎሬል ዛፍ ነው። ባለ 14ቱ ሚሪስቲክ ከገውዝ፤ የገውዝ ዛፍ የሳይንስ ስሙ ሚሪስቲካ ስለሆነ። ባለ 16ቱ ፓልሚቲክ ከፓልም። ባለ 18ቱ ስቴሪክ ሞራ ከሚለው የግሪክ ቃል። ባለ 20ው አራኪዲክ ከኦቾሎኒ። ኦሌይክ ከወይራ ዘይት። ባለ 22 ካርቦኑ ኤሩሲክ ከጎመን ዘር ወገን፤ በኛው ጎመን ዘር ውስጥም በብዛት አለ።

የኛ አገር ስምም አለበት። በ1964 አንድ አሜሪካዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ከሐረር አቅራቢያ ቬርኖኒያ ጋላሜንሲስ የሚባል ዱር በቀል ተክል ሰበሰበ፤ የፍሬው ዘይት ጭራው ላይ የኦክስጅን ቀለበት ባለው ፋቲ አሲድ የተሞላ ሆኖ ተገኘ። ቬርኖሊክ አሲድ ነው፤ የቀለምና የፕላስቲክ ኢንዱስትሪ ይፈልገዋል። ስሙ ከተክሉ ነው እንጂ ከሐረር አይደለም፤ እኔ ብሆን ሐረሪክ እለው ነበር።

አሁን የአንቺው ሊኖሌይክ። ሊኑም ማለት ተልባ ነው፣ ኦሌዩም ዘይት። «የተልባ ዘይት አሲድ» ማለት ነው። እዚህ ላይ የቤት ስም እንዴት እንደሚያታልል ተመልከቺ፤ በተልባ ውስጥ ከሁሉ የሚበዛው ሊኖሌይክ ሳይሆን አልፋ ሊኖሌኒክ ነው። ሊኖሌይክን ከፈለግሽ ኑግና ሱፍ ውስጥ ነው ያለው። አንድ ፊደል ነው የሚለያቸው፤ ለፈተና አውጪ የተመቸ ወጥመድ ነው፣ እኔም ተጠቅሜበታለሁ፤ ይቅር ይበለኝ።

የመዝገብ ስሙ አያታልልም። 18:2 ስትዪ 18 ካርቦን፣ 2 ድርብ ማያያዣ ማለትሽ ነው። ድርብ ማያያዣዎቹ የት ናቸው? ከአሲዱ ራስ ጀምረሽ ቁጠሪ፤ ራሱ ካርቦን ቁጥር 1 ነው። 9ኛውና 12ኛው ላይ ታገኛቸዋለሽ፤ ዴልታ 9፣12 ማለት ይኸው ነው። ሙሉው ስም ሲስ፣ ሲስ-9፣12-ኦክታዴካዳይኢኖይክ አሲድ ነው። አትደንግጪ፤ ከፋፍዪው። ኦክታ 8፣ ዴካ 10፣ ድምሩ 18። ዳይኢን ሁለት ድርብ ማያያዣ። ኦይክ አሲድ መሆኑን ይናገራል። ሲስ ደግሞ ሁለቱ ሃይድሮጅኖች በአንድ ወገን ናቸው፣ ጭራው ጎብጧል ማለት ነው። ድርብ ማያያዣ የሌለው ስቴሪክ በአጭሩ ኦክታዴካኖይክ ነው።

ኦሜጋ ከሌላው ጫፍ ነው የሚቆጥረው። ኦሜጋ የግሪክ ፊደል መጨረሻ ስለሆነ የጭራው መጨረሻ ማለት ነው። ከዚያ ስትቆጥሪ መጀመሪያ የምታገኚው ድርብ ማያያዣ ስሙን ይሰጠዋል። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ከጠቅላላው ካርቦን ላይ የመጨረሻውን ዴልታ ቀንሺ። 18 ሲቀነስ 12፣ ኦሜጋ 6። አልፋ ሊኖሌኒክ 9፣12፣15 ስለሆነ 18 ሲቀነስ 15፣ ኦሜጋ 3። ኦሌይክ ኦሜጋ 9። ማስተማር በጀመርኩ በመጀመሪያው ዓመት ሊኖሌይክን ሰሌዳ ላይ ስዬ ከራሱ ቆጥሬ «ኦሜጋ 9» ብዬ ጻፍኩ። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አውጥታ «መምህርት፣ ከጭራው አይደለም ወይ?» አለችኝ። ያን ቀን ያፈርኩት እስከ ዛሬ ይታወሰኛል።

ሁለት አቆጣጠር ለምን አስፈለገ ብትዪኝ፣ ሰውነት ሰንሰለቱን ሲያስረዝም የሚቀጥለው በራሱ በኩል ነው። ራስ በተቀየረ ቁጥር የዴልታ ቁጥር ይለወጣል፤ ጭራው ግን አይነካም። 18:2 የሆነው ሊኖሌይክ ሰውነታችን ውስጥ 20:4 የሆነው አራኪዶኒክ አሲድ ሲሆን ሁሉ ነገሩ ተለዋውጦ ኦሜጋ 6 መሆኑ ብቻ ይቀራል። እኛ ደግሞ ከራሱ በኩል ከ9ኛው ካርቦን አልፈን ድርብ ማያያዣ ማስገባት አንችልም፤ ኢንዛይሙ የለንም። ስለዚህ ኦሜጋ 6ንም ኦሜጋ 3ንም ከምግብ ነው የምናገኘው። ቅባት ካሎሪ ብቻ ነው ተብሎ በሚታሰብበት ዘመን፣ በ1929፣ ጆርጅና ሚልድረድ በር የሚባሉ ባልና ሚስት አይጦችን ፍጹም ቅባት የሌለበት ምግብ ቢመግቧቸው ቆዳቸው ተላላጠ፣ ጅራታቸው ታመመ፣ ሞቱም። ገና በሕይወት ላሉት ጥቂት ሊኖሌይክ ሲሰጧቸው ግን ዳኑ።

ጥያቄ፦ ጡረተኛ ነኝ። የደም ምርመራዬ ላይ «ትራይግሊሰራይድ 212» ይላል። ልጄ ከመጽሐፉ ላይ «ትራይአሲልግሊሰሮል» የሚባል አሳየኝ። ሁለት በሽታ ነው ያለብኝ? ደግሞም ቅቤ ከተውኩ ሦስት ዓመቴ ነው። (ከአዳማ)

መልስ፦ አባቴ፣ አንድ ነው። ሐኪም በአሮጌው ስም ይጠራዋል፣ ኬሚስት በአዲሱ። «ትራይግሊሰራይድ» ሲባል ሦስት ግሊሰሮል ያለው ይመስላል፤ ያለው አንድ ግሊሰሮልና ሦስት አሲል፣ ማለትም ሦስት ፋቲ አሲድ ነው። ኬሚስቶቹ ስሙን ያስተካከሉት ለዚህ ነው።

ቅቤ ትተው ለምን ከፍ አለ ላሉት፣ ጉበት ራሱ ቅቤ አንጣሪ ነው ልበልዎ። የተረፈውን ስኳር ወደ ፋቲ አሲድ ለውጦ ሦስት ሦስት እያሰረ ወደ ደም ይልካል። ለስላሳ መጠጥ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ጠጅና ቢራ ካለ እሱን ይዩ። በሚሊግራም በዴሲሊትር ከ150 በታች ደኅና የሚባለው ነው፤ ከ200 በላይ ከፍተኛ ይባላል። ምርመራው ሳይበሉ ተደርጎ እንደሆነ ያስታውሱና ለሐኪምዎ ይንገሩት። ከዚህ ያለፈው የእኔ ሥራ አይደለም።

ጥያቄ፦ በአሜሪካ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ሁዳዴ ሲገባ የምገዛውን ብስኩት ሁሉ ጀርባውን አነባለሁ። «ሌሲቲን» የሚል አየሁና ስፈልግ የእንቁላል አስኳል ማለት ነው የሚል አገኘሁ። ስጾም እንቁላል እየበላሁ ነው እንዴ?

መልስ፦ ስሙ ነው ያሸበረሽ እንጂ ብስኩቱ አይመስለኝም። ጎብሌይ የሚባል ፈረንሳዊ ፋርማሲስት በ1840ዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘው ከእንቁላል አስኳል ስለሆነ፣ አስኳል በሚለው የግሪክ ቃል ሌሲቲን አለው። የቤት ስም ነው፣ ከላይ ለጎንደሯ ልጅ እንዳልኩት። የመዝገብ ስሙ ፎስፋቲዲልኮሊን ነው፤ አንድ ግሊሰሮል፣ ሁለት ፋቲ አሲድ፣ አንድ ፎስፌት፣ ጫፉ ላይ ኮሊን። አስኳል ውስጥም አኩሪ አተር ውስጥም አለ፤ የሚለያዩት በተንጠለጠሉባቸው ጭራዎች ነው። ብስኩትና ቸኮሌት ውስጥ የሚገባው በአብዛኛው ከአኩሪ አተር ወይም ከሱፍ ነው፣ ርካሽ ስለሆነ። አሜሪካ ውስጥ እንቁላልም አኩሪ አተርም የአለርጂ ምግብ ተብለው ስለተመዘገቡ አምራቹ ከየትኛው እንደሆነ መጻፍ አለበት፤ «ሶይ» የሚል ቃል ከጎኑ ፈልጊ።

እኔ ብሆን ይልቅ የምጠረጥረው «ሞኖና ዳይግሊሰራይድ» የሚለውን ነው። እሱ ከፓልምም ከከብት ሞራም ሊሠራ ይችላል፤ ስሙ ብቻውን አይለይም። የጾሙን ፍርድ ለንስሐ አባትሽ ትቻለሁ።

ጥያቄ፦ መምህርት፣ የሰንበት ተማሪ ነኝ። ሰም ቅባት ነው? የጧፍ ሰምና የሱቅ ሻማስ አንድ ናቸው? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ የንብ ሰም ሊፒድ ነው፣ ያውም ደረቁ። በውስጡ ከሚበዛው አንዱ ሚሪሲል ፓልሚቴት ይባላል፤ 16 ካርቦን ያለው ፓልሚቲክ አሲድ ከባለ 30 ካርቦን አልኮል ጋር ተጋብቶ። ስሙን አንብበው፤ አልኮሉ በፊት ይጠራል፣ አሲዱ «ኢክ» የሚለውን ጥሎ «ኤት» ይላል። ግሊሰሮል የለበትም። ሁለቱም ወገን ረጅምና ቀጥ ያለ ስለሆነ እስሩ ይጠብቃል፤ 62 ዲግሪ ካልደረሰ አይቀልጥም፣ ስለዚህ ጧፍ እጅህ ላይ ሳይፈስ ማኅሌት ይቆማል። ንቧ ይህን የምታመነጨው ከሆዷ ሥር ባሉ ዕጢዎች ነው፣ ማር በልታ። ከላይ ለአዳማው አባት ስኳር ቅባት ይሆናል ያልኩትን ንብ በየቀኑ ታደርገዋለች።

የሱቁ ሻማ አብዛኛውን ጊዜ ፓራፊን ነው፤ ከነዳጅ ዘይት የሚወጣ የካርቦንና የሃይድሮጅን ሰንሰለት። አሲድም አልኮልም የለውም፤ ውኃን ይሸሻል፣ ግን ሕያው ነገር ስላልሠራው ከጆንያችን ውጭ ነው። ባለ ጧፍ ሆነህ የተቀላቀለ ሰም ገዝተህ እንደሆነ ትምህርት ቤትህ ቤተ ሙከራ ውስጥ በአልኮል የተበጠበጠ ጠንካራ አልካሊ ካለ አስተማሪህን ለምነህ አብረህ አፍላው። ሰሙ እየተቆረጠ ይሄዳል፤ ፓራፊኑ እንደ ተንሳፈፈ ይቀራል። ብቻህን እንዳትሞክረው፤ ዓይን ያጠፋል።

ጥያቄ፦ እንዶድ አረፋ ያወጣል፤ ሳሙና ነው ማለት ነው? (ከመቀሌ)

መልስ፦ ሥራው የሳሙና ነው፣ ዘሩ ግን ሌላ። ሳሙና ማለት ስብ ከአመድ ውኃ ወይም ከኮስቲክ ሶዳ ጋር ሲፈላ ፋቲ አሲዶቹ ከግሊሰሮሉ ተቆርጠው የሚሆኑት ጨው ነው፤ አንድ ራስ፣ አንድ ጭራ። እንዶድ ውስጥ ያለው ሳፖኒን ነው። ውኃ የሚጠላው ጎኑ ባለ 30 ካርቦን ነው፤ ከዚያው ከስኳሊን የመጣ፣ የኮሌስትሮል ያጎት ልጅ። ውኃ የሚወደው ጎኑ ደግሞ የተቀጠሉበት ስኳሮች ናቸው። በሁለት ጎን የሚኖር ነገር ሁሉ ቅባቱንም ውኃውንም ስለሚይዝ ያጥባል።

የሴል ሽፋንም ቅባት ነውና ሳፖኒን እሱንም ይበሳል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች ሸማ በእንዶድ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያየው በዚህ ምክንያት ነው። የቢልሃርዝያን ትል የሚያስተላልፉት እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ሥራው በ1989 ከባልደረባው ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ሽልማት አስገኘለት።

የሚቀጥለው ዓምድ ስለ ኢንዛይም ነው። እርሾ፣ ጌሾ፣ ብቅል፣ የቡሆ ጥያቄ ያላችሁ እስከ ወሩ መጨረሻ አድርሱኝ።